የዚንክ ኦክሳይድ ዘንጎች እንዴት ይበቅላሉ?

የጋዝ ሴንሰር ከአርዱዪኖ ጋር አገናኝታችሁ ታውቃላችሁ? በብዙዎቹ ውስጥ ጋዙን የሚለየው የብረታ ብረት ኦክሳይድ ነው። ጋዙ የሚነካው ላይኛውን ገጽ ስለሆነ ቅርጹ ወሳኝ ነው።

ዚንክ ኦክሳይድን እንውሰድ። በመጀመሪያ መስታወት ላይ ደቃቅ የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣቶች እንደ ዘር ይነጠፋሉ። ከዚያ መስታወቱ ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሚን የሟሙበት ውሃ ውስጥ ገብቶ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። ውሃው እንኳ አይፈላም! ክሪስታሉ በአንድ አቅጣጫ ስለሚፈጥን፣ ከጸጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠኑ ባለ ስድስት ጎን ዘንጎች ይቆማሉ።

ሲትሬት ብትጨምሩበትስ? ዘንጉ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ማደጉን ይገታዋል፤ ዘንግ መሆኑ ቀርቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ኮድ ውስጥ አንድ ፓራሜትር እንደ መቀየር ነው። ዘሩን ከዘለላችሁት ግን አብዛኛው ኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ተፈጥሮ እንደ ነጭ ዝቃጭ ከታች ይቀራል፤ መስታወቱም ባዶውን ሊወጣ ይችላል።