የበር ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን ግለጡ

ዛሬ ያየሁት ነገር ስላናደደኝ በችኮላ ነው የምጽፈው። የ2003 ስሪት ኮሮላ ገባልኝ። ሴንትራል ሎኩ አልሠራ ሲል ባለቤቱን የአራቱንም በር ሞተር አስቀይረውታል። አሁንም አይሠራም። ኧረ አራት ሞተር በአንድ ቀን አይሞትም!

1. አራቱም በር እኩል ዝም ካለ መጀመሪያ የሚታየው ፊውዙ፣ ሪሌውና የሾፌሩ በር ስዊች ነው። ፊውዙን በዓይን አይታችሁ አትለፉት፤ በቴስተር ለኩት።

2. አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚተው ከሆነ በበሩና በምሰሶው መካከል ያለውን የተሸበሸበ ጎማ ግለጡ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያ ይታጠፋሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚከፈተው ደግሞ የሾፌሩ በር ነው። የዛሬው ሽቦ ላስቲኩ ምንም አልሆነም፤ ሳብ ሳደርገው ግን እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ አረንጓዴ ሆኗል። በሩን ቀስ እያላችሁ እያንቀሳቀሳችሁ ስዊቹን ተጫኑ። አንድ ቦታ ላይ ቆልፎ ሌላ ቦታ ላይ እምቢ ካለ ችግሩ ሽቦው ነው።

ሞተሩ የሚለካው በራሱ ሁለት ሽቦዎች መካከል ነው። ሲቆልፍና ሲከፍት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ስለሚገለባበጥ፣ አንዱን ጫፍ ማሳ ላይ አድርጎ መፍረድ ያሳስታል። ስዊቹ ሲነካ 12 ቮልት አካባቢ እየደረሰው ካልተንቀሳቀሰ፣ ያኔ ሞተር ግዙ።

ፊውዙ ላይ ግን ደሜ ፈላ። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ሲነካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። ዛሬ ግን በፊውዙ ቦታ የተጠመዘዘ የመዳብ ክር አገኘሁ። መዳቡ እንደ ፊውዝ በጊዜው አይቀልጥም፤ የሚግለውና የሚነደው ከምንጣፉ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ነው። ልጆች የሚሳፈሩበት መኪና እኮ ነው! ፊውዝን በመዳብ ክር መተካት ቀላል ዘዴ ነው እያላችሁ በቪዲዮ የምታስተምሩ ሰዎች፣ እባካችሁ አቁሙ። ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ መሰካትም ያው ነው፤ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ።

መኪናው ደግሞ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ተለጥፎበታል። የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ከፍቶ ያየ የለም። ከማሠልጠኛ ሰርተፍኬት ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ልጆችም የሽቦ ንድፍ ማንበብ አልተማሩም፤ እነሱን አልወቅስም፣ ያስመረቃቸውን ግን እወቅሳለሁ።

የተበጠሰውን የበር ሽቦ ስትቀጥሉ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ጎማው ውስጥ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ አይቆይም፤ በሊድ የተበየደውም መታጠፊያው ላይ ይሰበራል። ባለ ብዙ ክር ለስላሳ ሽቦ አሳልፉና መጋጠሚያዎቹን አንዱን በሩ ውስጥ፣ ሌላውን ምሰሶው ውስጥ አድርጓቸው።