«አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው»

ዘጠኝ ወር የሞላው ሕፃን የኩፍኝ ክትባቱን ሊከተብ በአንቀልባ ታዝሎ ጤና ጣቢያ ይመጣል። አንገቱ አልጠናም፤ ብቻውን አይቀመጥም። እጆቹ እንደተጨበጡ ናቸው፤ ልብሱ ሲቀየርለት እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ይከተባል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤት ውስጥ አያት እናቲቱን ያጽናናሉ፦ «አይዞሽ፣ አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው።» ቃሉ ከፍቅር የወጣ ነው። ስንት ልጅ ግን ወሳኙን ጊዜ በዚህ ማጽናኛ አጥቷል!

እንዲህ ያለ ልጅ ሴሬብራል ፓልሲ፣ በሐኪሞች አጠራር «ሲፒ»፣ ሊኖርበት ይችላል። ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል በማህፀን፣ በምጥ ወይም በሕፃንነት ሲጎዳ የሚከተል የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም እክል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል እ.ኤ.አ. በ1861 ከከባድ ምጥና ከመታፈን ጋር አያያዘው። በ1897 ሲግመንድ ፍሮይድ፣ ምጡ የሚከብደው ጽንሱ ቀድሞ ስለተጎዳ ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራከረ። የሁለቱም ሐሳብ ዛሬም ቦታ አለው።

የእኛ እናቶች ታሪኩን ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ «ሲወለድ አላለቀሰም» ይላሉ። ያለ ጊዜው መወለድ፣ በጊዜ ያልታከመ የአራስ ወፍ በሽታ፣ ማጅራት ገትርና አንጎል ላይ የወጣ ወባም መንስኤ ይሆናሉ። በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 48 ደርሰዋል። ትልቅ እመርታ ነው፤ ሆኖም የተቀሩት ሕፃናት መተንፈስ ቢያቅታቸው ማን ይደርስላቸዋል?

ጎረቤት ግን ምክንያቱን ከእናቲቱ ላይ ይፈልጋል፤ እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው ይላል። እሷም ልጇን ከሰው ዓይን ትሸሽጋለች። ሲፒ የማንም ኃጢአት አይደለም። ጠበል የምትወስደው እናት ትውሰደው፤ ሕክምናውን ግን አታቋርጥ።

አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት ባለበት ይቆማል፤ የልጁ አካል ግን ያድጋል። እንክብካቤ ሲጓደል ጡንቻው ያጥራል፣ መገጣጠሚያው ይታሰራል፣ ዳሌው ከቦታው ይወልቃል። ተንጋሎ የሚጋት ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባበታል። ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ለስላሳ ምግብ በትንንሽ ማንኪያ በትዕግሥት ማብላት ሕይወት ያድናል። ፊዚዮቴራፒ፣ ደጋፊ ወንበርና ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ልጁ በሚችለው ልክ እንዲኖር ያግዙታል። ሲፒ ካለባቸው ከአራቱ አንዱ መናገር አይችልም፤ ግማሽ ያህሉ ግን የአእምሮ እድገት ውስንነት የለባቸውም። አፉ ያልታዘዘለት ልጅ በዙሪያው የሚባለውን ሁሉ እየሰማና እየተረዳ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞች ዛሬ ሲፒን ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው መጠርጠር ይችላሉ። ለዚህ የመጀመሪያውን እርምጃ ለመራመድ አዲስ ሕንፃ አያስፈልገንም። እናት ልጇን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወር ለክትባት ይዛ ትመጣለች። በ14 ሳምንቱ «አንገቱ እየጠና ነው?»፣ በ9 ወሩ «ብቻውን ይቀመጣል?» ተብላ ትጠየቅ። መልሱ «አይ» ከሆነ የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ትላክ። ያ በአንቀልባ የመጣ ልጅ ከክትባቱ ሌላ የሚያስፈልገው ይህን የሚጠይቅለት ሰው ነው።