በአደራ ንብረት ስም ግብርን ስለ ማስቀረትና ስለ መካሪው ኀላፊነት

በለቡ ሱቅ ወይም መጋዘን ያለው ነጋዴ፣ «ንብረትዎን በአደራ ስም ቢያዞሩት ግብሩ ይቀንስልዎታል» የሚል መካሪ ሲመጣበት፣ ከመፈረሙ በፊት ሕጉን መመርመር ይገባዋል። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ተጠያቂው ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ ምክሩን የሸጠውም ጭምር ነው።

የአደራ ንብረት ራሱ በሕግ የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ እንደሚደነግገው፣ አንድ ሰው ንብረቱን ለይቶ ለባለአደራ ይሰጣል፤ ባለአደራውም በተሰጠው መመሪያ ያስተዳድረዋል። ላልደረሱ ልጆች ወይም ለበጎ ሥራ ተብሎ በቅን ልቡና ቢደረግ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ንብረቱ በወረቀት ተላልፎ፣ ቁልፉና ትርፉ ከቀድሞው ባለቤት እጅ ሳይወጣ ሲቀር ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያያል። አንደኛው ሕጋዊ መልክ የያዘ የታክስ መሸሻ ዘዴ ሲሆን፣ ለዚህ የተደነገገው መቀጫ የሸሸው ታክስ እጥፍ ነው። ለምሳሌ 200,000 ብር ያስቀረ ነጋዴ 400,000 ብር ተጨምሮበት በጠቅላላው 600,000 ብር ይጠየቃል፤ ለመካሪው የከፈለው ሳይቆጠር ማለት ነው። ሁለተኛው ታክስን ለመሰወር አስቦ ገቢን መደበቅ ነው፤ ይህ ወንጀል ስለሆነ አዋጁ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ደንግጎበታል። በወንጀሉ የረዳ፣ ያነሣሣ ወይም የተመሳጠረ ሰውም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

በአሜሪካ አገር ለሚኖሩ ወገኖችም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የዚያው አገር የገቢ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን የአደራ ዘዴ በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለ ግብሩ ጥቅም እያወቀ ሐሰት ተናግሮ ዘዴውን የሸጠ ሰው፣ ከዚሁ ሥራ ያገኘውን ገቢ ግማሽ ሊቀጣ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ከሥራው ሊያግደው ሥልጣን አለው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ መካሪውን ሦስት ነገር ይጠይቀው፤ የታክስ ወኪልነት ፈቃድ አለውን? ምክሩን በጽሑፍ አድርጎ ይፈርምበታልን? ከተላለፈስ በኋላ በንብረቱ በእውነት የሚያዝበት ማን ነው? ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ ከታጣ፣ ብዕሩን ወደ ኪስ መመለስ ይሻላል።