እንጀራና ዳቦ ቢቀር ድካሙ ይለቅ ይሆን?

ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ መዛል አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት፣ ሰውን ከዕለት ተግባሩ የሚያስተጓጉለው ድካም ከ6 ወር በላይ መዝለቅ አለበት፤ እንቅልፉ አያሳርፍም፤ ጥቂት ልብስ ማጠብ እንኳ በማግሥቱ አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል። በዚህ ላይ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል ወይም ቆሞ መቆየት ይከብዳል። በሽታውን ለይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራም ሆነ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ፣ ሕመምተኛው ፊቱን ወደ ገበታው ቢያዞር አይፈረድበትም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ስኳር ቀንሶ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬትን አሳንሶ፣ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በቅባትና በጎመን መኖር ጉልበት ይመልሳል የሚለው ምክርም መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። የሚያሰጋኝ፣ አመጋገቡ አስቀድሞ የሚነካው ሕመሙ ያደከመውን ቦታ መሆኑ ነው።

ምክሩን የሚደግፈው ሳይንስ በአብዛኛው የሚጠቀሰው ከኖርዌይ ነው። በርገን በሚገኘው የሃውክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኦይስቴን ፍሉገና ኦላቭ ሜላ ከባልደረቦቻቸው ጋር የ200 ሕመምተኞችን ደም ከ102 ጤነኞች ደም ጋር አነጻጽረው ውጤቱን በ2016 አሳተሙ። በተለይ በሴቶቹ ደም ውስጥ የአንዳንድ አሚኖ አሲዶች መጠን ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ከዚህም ተነሥተው ፓይሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሥራው ሳይታወክ አልቀረም አሉ። ኢንዛይሙ ከስኳር የሚገኘው ነዳጅ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ እንዲቃጠል የሚያልፍበት በር ነው፤ ስብ ግን በሌላ በኩል ይገባል። በሩ ከጠበበ ታዲያ ስብ ብናቃጥልስ? ጥያቄው ያጓጓል። ሆኖም ጥናቱ ደም መረመረ እንጂ ለማንም የተለየ ምግብ ሰጥቶ ውጤቱን አልለካም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሪቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት በ30 ሕመምተኞች ላይ ሞክረው በ2011 ብዙዎችን ተስፋ አሰንቀው ነበር፤ በ2019 የታተመው የ151 ሰዎች ሙከራ ግን መድኃኒቱ ከማስመሰያው እንደማይሻል አሳየ። ይህንንም ራሳቸው ማሳተማቸው ያስከብራቸዋል። አሳማኝ መላምትና ትንሽ ጥናት የት ድረስ እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያጣው በአብዛኛው ውኃ ነው። በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን በየግራሙ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ክምችቱ ሲሟጠጥ ውኃውም አብሮ ይወጣል። ኢንሱሊን ሲወርድ ደግሞ ኩላሊት ብዙ ጨው በሽንት ያስወግዳል። ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀናት ራሱን ያመዋል፣ ይዝላል፣ ከዚያም ይለምደዋል። ከመቀመጫው ሲነሣ ልቡ የሚመታበት፣ ዓይኑ የሚጨልምበት ሕመምተኛ ግን ብዙ ጊዜ ውኃና ጨው ጨምር የሚባል ሰው ነው፤ እሱ ያንኑ ሲያጣ መቆም ይብስበታል። ለብቻ የሚሠራው ምግብም ምድጃ አጠገብ ቆሞ ሽንኩርት መክተፍን ይጠይቃል፣ ያለችውም ጉልበት እዚያው ታልቃለች። ለጾመኛ ደግሞ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ሲቀሩ የሚተርፉት ሽሮና ምስር ራሳቸው ካርቦሃይድሬት አላቸው።

ተሻለኝ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አላስተባብላቸውም። ስኳር መቀነስ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን መጫጫን ሊያቀልላቸው ይችላል። ነገር ግን ሕመሙ ራሱ አንዴ ይብሳል፣ አንዴ ጋብ ይላል፤ ሰው ምግቡን የሚለውጠውም ብዙውን ጊዜ ሲብስበት ነው፤ ስለዚህ መሻሉ ከምግቡ ይሁን ከጊዜው መለየት ያስቸግራል። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በጥቅምት 2021 ያወጣው መመሪያ በቂ ፈሳሽና የተመጣጠነ ምግብ ይመክራል፤ ምግብ እየመረጠ የሚተው ሕመምተኛም ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲላክ ያዛል። መሞከር የፈለገ ለስላሳ መጠጥንና የሻይ ስኳርን በመተው ይጀምር፤ መቆም ከበደኝ ካለ ያቁም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱ ሳይስተካከልለት እንጀራውን ቢተው የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።