በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው ለአገር ጉዳይ ምን ድርሻ አለው?

አዘና በአዊ ብሔረሰብ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። ከተማዪቱ ትንሽ ስለ ሆነች የአንዱ ቤት ደስታ የሁሉ ደስታ፤ የአንዱ ቤት ኀዘንም የሁሉ ኀዘን ነው። ስለዚህ የታላቅ እህቴ ልጅ ከካናዳ የጻፈው ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ ብቻዬን አንብቤ አላስቀረሁትም። በስልክ የላከውን ቃል እንደ ሥራዬ ልማድ በወረቀት ገለበጥሁና፤ በእህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት።

ልጁ እንዲህ ይላል፤ «ጋሼ፤ የምኖርባት ከተማ እንደ አዘና ትንሽ ናት። የዚህን አገር ዜግነት ለመቀበል ፈተናውን አልፌአለሁ፤ የቀረኝ መሐላው ብቻ ነው። ነገር ግን ያለ እናቴ ምርቃት አልምልም።»

እህቴ ይህን በሰማች ጊዜ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ለሌላ ንጉሥ የማለ ሰው ከእንግዲህ የማን ልጅ ይባላል?» አለች። ከጎረቤቶቹም አንዱ «አገሩን ካደ» ሲል፤ ሌላው «እንጀራውን ፈለገ እንጂ ምን አደረገ» ሲል ነገሩ ወደ ክርክር ደረሰ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና ሰው ሲምል በየቀኑ አያለሁ፤ መሐላ ቀላል ነገር እንዳልሆነም አውቃለሁ። ስለዚህ እህቴን «እትዬ፤ ሕጉን ሳናይ አንፍረድ» ብዬ ጥቂት ቀን እንድትታገሠኝ ለመንኋት።

መርምሬ ያገኘሁት ይህ ነው። ካናዳ የራሷ የዜግነት ሕግ የጸናላት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1947 ነው፤ ከዚያ በፊት ሕዝቧ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ ይባል ነበር። ዛሬ ዜጋ ለመሆን የሚሻ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ 1095 ቀን በአገሩ መቀመጥ አለበት። ዕድሜው ከ18 እስከ 54 የሆነም ስለ አገሩ ታሪክና አስተዳደር 20 ጥያቄ ይጠየቃል፤ 15ቱን የመለሰ ያልፋል። በመሐላውም ለንጉሥ ቻርልስ 3ኛ ታማኝ ለመሆንና የአገሩን ሕግ ለመጠበቅ ቃል ይገባል። መማል ኅሊናው ያልፈቀደለት ሰው ሳይምል ቃሉን በማረጋገጥ ብቻ ሊፈጽም ይችላል። ይህን መሐላ የተቃወሙ ሰዎች ክስ አቅርበው ሳለ የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ፤ ቃሉ የሚገባው ለአንድ ሰው ሥጋና ደም ሳይሆን ለአገሩ የመንግሥት ሥርዓት መሆኑን አስረድቷል።

ስለ እኛ አገር ሕግ ግን እህቴን ልሸነግላት አልወደድሁም። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት እንደ ተወ ይቈጥረዋል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ግን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሩን አልዘጋም። የተለየውን መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይቀመጣል፤ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል። የማይፈቀድለት ነገር መምረጥና መመረጥ፤ እንዲሁም በመከላከያ፤ በጸጥታ፤ በውጭ ጉዳይና ይህን በመሰለው ሥራ በቋሚነት መቀጠር ነው። ተመልሶ በአገሩ ቢቀመጥ፤ የያዘውን የውጭ ዜግነት ቢተውና ቢያመለክት ደግሞ ዜግነቱን መልሶ ለማግኘት ይችላል። እንግዲህ ልጁ ከቤታችን አይወጣም፤ ነገር ግን በአዘና የነበረውን የምርጫ ድምፅ ይተዋል። ይህም ቀላል ዋጋ አይደለም።

ይህን ሁሉ ጽፌ «ስለ ምን ብለህ ይህን ዋጋ ትከፍላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ እኔንም አሳፈረኝ።

በሚኖርባት ከተማ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚሻገሩበት መንገድ ነበር። በክረምት በረዶ ሲከመርበት መኪና አይቆምላቸውም። ልጁ ሌሊት ሠርቶ ጧት ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህን ያይ ነበር። ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት አሮጊት ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄዶ እንዲናገር መከሩት። የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ስለ ነበረ፤ ስሙን አስቀድሞ አስመዝግቦ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው፤ የምላሱን እንግድነት ሳይናቁ ሰሙት። ለፌዴራሉ ምክር ቤት የሚቀርብ አቤቱታም ቢሆን፤ በወረቀት የተጻፈ እንደ ሆነ፤ 25 ሰዎች ከፈረሙበት በአንድ የምክር ቤት አባል እጅ ሊቀርብ እንደሚችል ተማረ፤ ለመፈረምም ነዋሪ መሆን ይበቃል። ነገር ግን የምርጫው ቀን በደረሰ ጊዜ ጎረቤቶቹ ሲሄዱ እርሱ በቤቱ ቀረ። «ጋሼ፤ ስናገር ሰሙኝ፤ ሲመርጡ ግን አልተቈጠርሁም። የምኖርበትን ቤት ጣሪያ ሲጠግኑ ቆሜ የማይ እንግዳ መሆን ከበደኝ» ብሎ ጻፈ።

እኔስ? የአዘና ተወላጅ ነኝ፤ ሕገ መንግሥቱም በ38ኛው አንቀጽ የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጥቶኛል። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ቃል ስጽፍ እውላለሁ እንጂ፤ በቀበሌ ስብሰባ አንድ ቀን እጄን አንሥቼ አላውቅም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ይዤ፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ረስቼው ኖሬአለሁ።

አገራችን መተባበርን ከሌላ የምትማር አይደለችም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው፤ የዐድዋን ድል እያሰበ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በእድራችንም ሹም እንመርጣለን፤ ሒሳብ እንጠይቃለን፤ የቀረውን እንቀጣለን። በእድር የሚናገር ሰው በቀበሌ ዝም የሚልበት ምክንያት ምንድን ነው? ያ የእኛ፤ ይህ የሌላ ሰው ስለሚመስለው ነው።

ደብዳቤውን ለእህቴ ካነበብሁላት በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ግን እኔ ሳላስበው ተነሥታ ቆመች። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ልጆችን ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀር፤ የአንዲት ጎረቤቷንም ልጅ ሊወስድ ጥቂት እንደ ቀረው በአገውኛ ተናገረች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነገር ግን አላቋረጠችም። ከእርሷ በኋላ ሌሎች ሦስት ሴቶች ተነሡ። እኔም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ከተማ አቤቱታ ጻፍሁ። በድንጋይ የሚሠራው ድልድይ ገና አልተፈቀደም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የባሕር ዛፍ ግንድ አዋጥቶ፤ ክረምቱ ሳይገባ መሻገሪያ ተሠራ።

የሴት ቃል በአደባባይ መሰማት በየትም አገር በትግል የመጣ ነው። በካናዳ ሴቶች ለፌዴራሉ ምክር ቤት የመምረጥን መብት ያገኙት በ1918 እ.ኤ.አ. ሲሆን፤ የኬቤክ ሴቶች ለክፍለ ሀገራቸው ምክር ቤት መምረጥ የቻሉት በ1940 ነው። የአገሩ ቀደምት ነገዶችም መብታቸውን ሳይለቁ ለፌዴራሉ ምክር ቤት መምረጥ የተፈቀደላቸው እስከ 1960 ቆይቶ ነው። በእኛም አገር በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የምርጫን በር ከከፈተ በኋላ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ! ልጆቻችን ስለ አገር ጉዳይ መናገርን የሚማሩት አስቀድሞ በማዕድ ዙሪያ ነው። በቤቱ ምክር የማይጠየቅ ልጅ አድጎ በአደባባይ ምክር አይሰጥም። ስለዚህ ልጅ ሲጠይቅ አንገሥጸው፤ ስብሰባ ስንሄድም የሰማነውን ተመልሰን እንንገረው። ምርጫ በሆነ ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ስሙን ያስመዝግብ፤ የሚመርጠውንም ሰው እንደ ዋስ አድርጎ መርምሮ ይምረጥ።

እህቴም ለልጅዋ ምርቃቷን ላከች። ቃሏን እኔ ጻፍሁት፤ እንዲህም ይላል፤ «ልጄ፤ የምትኖርበት አገር ሕፃናት እንደ እኔ ልጆች ናቸውና ማል። ነገር ግን ከማልህ በኋላ ዝም ብለህ እንዳትቀመጥ፤ እኔም እዚህ ዝም አልልም።»