የቁርጡ ጠርዝ ላይ የካንሰር ሕዋስ ቢገኝስ?

ልጁ ጉበቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወላጅ አብዝቶ የሚፈራው ወረቀት የፓቶሎጂ ውጤት ነው። ቀዶ ሐኪሙ «ዕጢውን በሙሉ አውጥተነዋል» ካሉ ከቀናት በኋላ «ጠርዙ ላይ ግን የካንሰር ሕዋስ ታይቷል» የሚል ቃል ሊከተል ይችላል። ይህን የሰማ ወላጅ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ግን ቀስ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በትንንሽ ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የጉበት ካንሰር ሄፓቶብላስቶማ ይባላል። አብዛኞቹ ልጆች ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ይገኝባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ የሚያገኘው ሲያጥባቸው ወይም ሲያለብሳቸው ሆዳቸው ላይ እብጠት እጁ የሚነካው ወላጅ ነው። ያለ ጊዜያቸው እጅግ ቀለው የተወለዱ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ። በሽታው ብርቅ ስለሆነ ልምድ ያለው ማዕከል ይፈልጋል። በቶሮንቶ ይህ ማዕከል ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ያለው የሕፃናት ሆስፒታል፣ ሲክኪድስ ነው። 

ጉበት ተቆርጦ መልሶ ያድጋል። በዚህ ምክንያት አንድ ልጅ ከጉበቱ አብዛኛው ክፍል ቢወጣም መኖር ይችላል። የሚቀረው ክፍል ግን ደም የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ሐሞቱም የሚፈስበት መንገድ ሊኖረው ግድ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ለጥንቃቄ ሲል ትንሽ ጨምሮ መቁረጥ የማይችለው ለዚህ ነው፤ ዕጢው ትልቅ የደም ሥር ከተጠጋ፣ በመካከላቸው ያለው ጤነኛ ሥጋ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል።

የወጣው ጉበት ላቦራቶሪ ሲደርስ ፓቶሎጂስቱ የተቆረጠውን ፊት ቀለም ይቀቡታል። ከዚያ በስሱ እየከተፉ በማይክሮስኮፕ ይመረምሩታል። የካንሰር ሕዋስ ቀለሙን ካልነካ ጠርዙ ንጹሕ ነው ይባላል። ከነካ፣ ምናልባት ልጁ ውስጥ በዓይን የማይታይ ነገር ቀርቷል ማለት ነው። ይህ በዓይን የሚታይ ዕጢ ሳይወጣ ከቀረበት ሁኔታ እጅግ ይለያል፤ ወላጅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

ቀድሞ የነበረው ደንብ በዕጢው ዙሪያ 1 ሴንቲሜትር ጤነኛ ጉበት አብሮ ይውጣ የሚል ነበር። ደንቡ ዛሬም ቦታ አለው፤ በሰሜን አሜሪካ አሠራር ኬሞ (የካንሰር ሕዋስን የሚገድል መድኃኒት) ሳይጀመር በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ይህን ያህል ርቀት በምስሉ ላይ መታየት አለበት። ሲዮፔል የተባለው የአውሮፓ ቡድን ግን ኬሞውን ያስቀድማል። የቡድኑ ሐኪሞች ከኬሞ በኋላ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ልጆች ሲከታተሉ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ሕዋስ ጠርዙ ላይ የተገኘባቸው ልጆች ጠርዛቸው ንጹሕ ከሆነው እምብዛም ያልተለየ ዕድል ነበራቸው። ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ይህን ካንሰር አጥብቆ ይመታዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ የበሽታቸው የአደጋ ደረጃ መደበኛ ከተባለና ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ሲስፕላቲን ብቻ ከወሰዱ ልጆች 95 በመቶው ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ።

ይህ ግን ለሁሉም የጉበት ካንሰር አይሠራም። በትልልቅ ልጆች ላይ የሚታየውና አንዳንዴ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚያያዘው ሄፓቶሴሉላር ካንሰር ለኬሞ እምብዛም አይበገርም፤ እዚያ የጠርዙ ንጽሕና ከባድ ቁም ነገር ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከጠርዙ ይበልጥ የሚናገረው ደም ውስጥ የሚለካው አልፋ ፌቶፕሮቲን ነው። አብዛኛው ሄፓቶብላስቶማ ይህን ፕሮቲን ስለሚያመነጭ፣ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ እዚያው ከቆየ ደስ የሚል ምልክት ነው፤ ተመልሶ ከወጣ ፍለጋው ይጀመራል። ጤነኛ አራስም በተፈጥሮው ከፍተኛ ቁጥር ስላለው ውጤቱ ከዕድሜው ጋር መነበብ አለበት።

«ለምን ኬሞውን አታበዙለትም?» የሚል ወላጅ አይፈረድበትም። ሲስፕላቲን ግን የመስማት ችሎታን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ሲስፕላቲን ብቻ ከተሰጣቸው ልጆች 63 በመቶው የመስማት ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከሲስፕላቲኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ይህን ጉዳት የሚቀንሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት ከተሰጣቸው ግን 33 በመቶው ብቻ። ገና አፉን ለሚፈታ ሕፃን ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በእኔ እምነት፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ ለታየ ጠርዝ ሲባል ያለ በቂ ምክንያት ኬሞ መጨመርን ወላጅ በጥያቄ ሊሞግተው ይገባል።

ዕጢው ከዋናዎቹ የደም ሥሮች ሳይለቅ ሲቀር ያለው መንገድ ንቅለ ተከላ ነው። ከወላጅ የሚወሰደው የጉበት ቁራጭ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ባለው ቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል ይወጣና በጎረቤቱ በሲክኪድስ ለልጁ ይተከላል። ቀዶ ሕክምናው ካልተሳካ በኋላ የሚደረግ ንቅለ ተከላ ከመጀመሪያው ታስቦ ከሚደረገው የከፋ ውጤት አሳይቷል። ስለዚህ ምስሉ ላይ ዕጢው ከደም ሥሩ ጋር ከታየ፣ የንቅለ ተከላ ቡድኑ ልጁን ገና ኬሞው ሲጀመር እንዲያየው በአስተርጓሚም ቢሆን ይጠይቁ።