ያላዩትን ረግቶ ማውራት

ከነቀምት ተነስቶ ወደ ቡሬ የሚያቀናው መንገድ አንገር ሸለቆ ላይ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። ደጋው ከኋላ ይቀርና ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ሰሊጡና በቆሎው ይጀምራል። አንገር ጉቲን ያለችው እዚያ ቆላ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ስጓዝ አንድ ቀን ሾፌሩ ዘፈኑን አቋረጠና ከፍላሹ ላይ ትረካ ከፈተ። ታሪኩ ከውጭ ቋንቋ የተመለሰ ነው፤ ሌላ ፕላኔት ላይ ብቻውን ስለ ቀረ ሰው ያወራል። ተራኪው ድምፁን አያንቀጠቅጥም፣ አይጮህም። ሰውየው የቀረውን አየር በሰዓት እያሰላ እንደሚተነፍስ የነገረን፣ ጎረቤቱ ገበያ ሄዶ ጤፍ ሸምቶ መመለሱን በሚያወራ ሰው ቃና ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት አጠገባቸው ወዳለው ወጣት ዞር አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ያየውን ነው የሚያወራው?»

«አይ እማማ፣ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፍ እያነበበ ነው።»

«ታዲያ ያላየውን ነው እንዲህ ረግቶ የሚያወራው?»

ልጁ መልስ አልነበረውም፤ እኔም ያኔ አልነበረኝም። አሁን ግን የምናባዊና የሳይንስ ልብ ወለድ ትረካን ሙያ ከሳቸው ጥያቄ የተሻለ የገለጸልኝ የለም እላለሁ።

ትረካ ከሬዲዮ ድራማ ይለያል። በድራማው ብዙ ተዋንያን ተከፋፍለው የሚሸከሙትን፣ በትረካ አንድ ጉሮሮ ብቻውን ይሸከመዋል። ሽማግሌውም፣ ኮረዳዋም፣ ነፋሱም፣ የደራሲው ሐሳብም በዚያው በአንድ ሰው አፍ ያልፋሉ። ይህን ጥበብ ለኢትዮጵያ ቤቶች ያለማመደው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ነው። «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የመድረኩ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተረከው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ማንበብ የማይችለው ሰው ግን ባለታሪኮቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቃቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ከዚያው መጽሐፍ ጉዱ ካሣ ሲነሳ ዛሬም ብዙ ሰው ጆሮ ላይ የሚመጣው የወጋየሁ ድምፅ ነው። ከሱ ወዲህ ፈቃዱ ተክለማርያምን የመሳሰሉ ተዋንያን መንገዱን አሰፉት።

ይሁን እንጂ ወጋየሁ አንድ የሚያግዘው ነገር ነበር። የጎጃምን ባላባት ቤት፣ የቄስ ትምህርት ቤቱን፣ የድግሱን ሁካታ አድማጩ ያውቀዋል፤ ባያውቀው እንኳ የሚመስለውን አይቷል። ተራኪው የጎደለበትን አድማጩ ከገዛ ትዝታው ይሞላለታል። ሁለት ፀሐይ የሚወጣበት ሰማይ ሲተረክ ግን ከትዝታ የሚሞላ ነገር የለም። አድማጩ እጅ ላይ ያለችው ያቺ ድምፅ ብቻ ናት። ተራኪው ለአንድ አፍታ ካላመነበት፣ «ይሄማ ፈጠራ ነው» የምትል ትንሽ ፈገግታ በቃሉ ውስጥ ከሾለከች፣ ፀሐዮቹ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ይህን ከማይክራፎን በፊት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩን፤ ተረት ነጋሪዎቹ። ጅብ ፍርድ ሲቀመጥ፣ ጦጣ ስታማክር፣ አያት ድምፃቸውን ለጦጣዋ ያቀጥኑላታል እንጂ በጦጣዋ አይስቁም። አንገር ጉቲን ላይ ደግሞ ይህ በሁለት ቋንቋ ነው። ከነባሩ ኦሮሞ ጎን በተለያየ ዘመን ከወሎና ከሌላም ስፍራ የመጣ ሰፋሪ ይኖራል። ማታ በእንቆቅልሽ ሰዓት አንዱ ቤት «ሂቦ» ሲባል «ሂባካ» ይመለሳል፤ ቀጥሎ ባለው ቤት «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ»። ሁለቱም ቤት ነጋሪው ከመጀመሩ በፊት አድማጩን ቃል ያስገባል። አንተ ረግተህ ትናገራለህ፣ እኔ አምኜ እሰማለሁ እንደ መባባል ነው። አባባ ተስፋዬም በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረው ቴሌቪዥን ጋር ብቅ ብለው ለ42 ዓመታት ልጆችን የያዙት በዚሁ ውል ነው።

አንገር ጉቲን ያለችበት የወለጋ ምድር በዚህ ረገድ ሊነሳለት የሚገባ ሌላ ታሪክም አለው። አስቴር ጋኖ ከባርነት ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ ሞንኩሎ በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በልጅነት የሰማቻቸውን 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ሰብስባ ጻፈች፤ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1904 ከኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ወደ ነቀምት መጣች። እሷ ከድምፅ ወደ ወረቀት ያሻገረችውን የዛሬው ተራኪ ከወረቀት ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። የሱን ሥራ የሚያከብደው ወረቀቱ ድምፁን በሙሉ አለመያዙ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ በተለይ።

ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በተለመደ ታሪክ ዐውዱ ይረዳል። ደራሲው ከራሱ አንቅቶ የፈጠረው ስም ግን ምን ዐውድ አለው? ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. የጣና ገዳማትን ከረቀቀ ሳይንስ ጋር ያጋመደውን ልብ ወለድ ሲያሳትም ርዕሱን «ዴርቶጋዳ» አለው። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ቃሉን እንደ ሥዕል አይቶ ያልፈዋል። ተራኪ ማለፍ አይችልም። «ጋ»ን ያጥብቃት ወይስ ያላላት? «ዳ» ላይ ይውረድ ወይስ ይንሳ? አንዴ ከመረጠ ደግሞ በሃያኛው ክፍልም ያንኑ መድገም አለበት፤ የስሙ አጠራር ከተለወጠ አድማጩ ሌላ ሰው የመጣ ይመስለዋል። ጠንቃቃ ተራኪ ከቀረጻ በፊት እርሳስ ይዞ ይቀመጣል። እንደ ሰዋስው መጻሕፍት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ያኖራል፣ የሚተነፍስበትን ቦታ ያሰምራል፣ እንግዳ ስሞችን ለብቻ ወረቀት ላይ ያወጣል። ለግዕዝ ንባብ ይህ ድሮም የሚማሩት ነገር ነው፤ የንባብ ቤት ተማሪ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ለአማርኛ ልብ ወለድ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ስለሌለን እያንዳንዱ ተራኪ ለራሱ ይማራል። ጽሑፍን በራሱ የሚያነብ የኮምፒውተር ድምፅ አማርኛ ላይ ሲሰናከል የምንሰማውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ጋ ነው፤ ያልተጻፈውን መገመት ይኖርበታል።

ሌላም አለ። እንግሊዝኛው የሚናገር ማሽን ሲያጋጥመው ጾታ በሌለው ተውላጠ ስም ያልፈዋል። ለእኛ ግን «አለ» ወይም «አለች» ማለት፣ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መጥራት ግድ ነው። ምርጫው የተርጓሚው ቢሆንም ድምፅ የሚሰጠው ተራኪው ነው። አንድ ሮቦት ጌታውን መቶ ገጽ ሙሉ «እርስዎ» ሲል ቆይቶ አንድ ማለዳ ድምፁን ሳያነሳ «አንተ» ቢለው፣ አመፁ በዚያች አንድ ቃል ተጀመረ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ልትዘለል የምትችል ቃል ናት። በትረካ ግን ከሷ በፊት ግማሽ ትንፋሽ ዝም የሚል ሰው ካለ ጀርባ ያቀዘቅዛል። አማርኛ ለዚህ ዓይነት ታሪክ አይመችም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ።

በሌላው ዓለምም ልምዱ ወደዚሁ እርጋታ ያደርሳል። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1938 የኤች ጂ ዌልስን የማርስ ወረራ ታሪክ በአሜሪካ ሬዲዮ ሲያቀርብ የመረጠው የዜና አንባቢን ቃና ነው። ጋዜጦች የድንጋጤውን ስፋት አጋነው ጽፈውታል፤ ያመኑ ሰዎች የመኖራቸው ምክንያት ግን ግልጽ ነው፦ ዜና አንባቢ አይጮህም። ጂም ዴል በአንዱ የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ትረካ 134 የተለያዩ ድምፆች አውጥቶ በጊነስ መዝገብ ሰፍሮ ነበር። ችሎታው ያስደንቃል፤ ቢሆንም ለትረካ ልክ የሚሆነው የድምፅ ብዛት አይመስለኝም። እኔን የበለጠ የነካኝ የአንዲ ዊር «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» ነው። እዚያ ታሪክ ውስጥ ያለው የሌላ ዓለም ፍጡር የሚናገረው በሙዚቃ ኖታ ነው። መጽሐፉ ኖታ መሆኑን ለዓይን ሊያመለክት ይችላል እንጂ ሊያሰማ አይችልም። ሬይ ፖርተር በተረከው ቅጂ ግን ኖታዎቹ ይሰማሉ፤ ሰውየው ቋንቋውን እየለመደ ሲሄድ አድማጩም አብሮት ይለምዳል።

የኛዎቹ ቅጂዎች ላይ ቅር የሚለኝን ልናገር፣ ከልብ ስለማዳምጣቸው ነው። ምናባዊ ታሪክ ሲሆን አንዳንዶች የገደል ማሚቶ ያለ ልክ ይጨምራሉ፤ ማጀቢያ ሙዚቃው ከቃሉ በላይ ይጮሃል። ታሪኩ እንግዳ ስለሆነ ድምፁም እንግዳ መሆን አለበት ከሚል እሳቤ የመጣ ይመስለኛል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሰማዩ እንግዳ በሆነ ቁጥር ድምፁ የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት። ፍጥነትም እንዲሁ ነው። አንባቢ ያልገባውን ገጽ ይመልሳል፤ በአንድ እጁ ሰሊጥ የሚያራግፍ አድማጭ ግን ስልኩን አውጥቶ ወደ ኋላ አይመልስም። አዲስ ቃል፣ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ፕላኔት ሲመጣ ተራኪው ትንሽ መጠበቅ አለበት።

ዛሬ ትረካ የሚሰማባቸው መንገዶች በዝተዋል። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «ሸገር ሼልፍ»ን ያቀርባል፤ እንደ «ተራኪ» ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች መጽሐፍ በድምፅ ይሸጣሉ። አንገር ጉቲን ላይ ግን ትረካ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሚሞሪ ካርድ ነው። ሞባይል ቤት ገብተህ ዘፈን ስታስጭን ልጁ «ትረካም ላርግልህ?» ይልሃል። ፋይሉን ከፍተህ ስታይ «ትረካ 3»፣ «ትረካ 4» ይላል። የደራሲው ስም የለም፤ የተራኪውም የለም። በአውቶቡሱ ላይ የሰማሁትን ያንን ረጋ ያለ ሰው ማንነት እስከ ዛሬ ያላወቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። እናንተ በሚቀጥለው ጊዜ ስታስጭኑ «ማን ነው የተረከው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሙን ካገኛችሁም ፋይሉ ላይ ጻፉለት።